ጥያቄ፦ ድሬ ላይ የሐዲድ ጥገና ባቡር ፎቶ ማንሳት፣ ከየት በኩል ልቁም?

ቀፊራ ሰፈር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። በሥራ ቀን ጊዜ ስለሌለኝ ካሜራዬን የማወጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ያገለገለ ካኖን ከነ18-55 ሌንሱ ገዝቼ ባቡር ማንሳት ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሁድ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው አዲሱ መስመር ላይ አንድ ቢጫ ማሽን ቆሞ፣ ከኋላው ጠጠር የጫኑ ፉርጎዎች ተሰልፈው ከሩቅ አየሁ። ሐዲድ እየጠገኑ ነው አሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ዳር ሆኜ ብዙ አነሳሁ፤ ግን ማሽኑ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከጀርባ ያለው ተራራ ጭራሽ የለም።

ፉርጎውን የሚስቡት የድሮዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ናቸው? ከሆኑ አንዷን ከተራራው ጋር አድርጌ ማንሳት ነው ምኞቴ። ጠጋ ለማለትስ ፈቃድ ከማን ይጠየቃል?

ከዚራ ማታ
አቦ፣ መጀመሪያ ምኞትህን ላፍርስብህ። የድሮዎቹ አዲሱ መስመር ላይ ሊወጡ አይችሉም። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረት መካከል 1 ሜትር ነው፣ አዲሱ 1.435 ሜትር። ጎማቸው አይገጥምም። ያየኸው ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ራሱ የአዲሱ መስመር ነው። የድሮዎቹን ከፈለግክ ከዚራ የድሮው ጣቢያ ጀርባ ወርክሾፑ አለልህ። ቤትህ ደጃፍ ያለውን ትተህ ጠጠር ስታሳድድ!

ጡረተኛው
ልጄ፣ ዕድሜዬን በባቡር ሥራ ነው የጨረስኩት፤ ትንሽ ልጨምርልህ።

አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ጥገና ሲኖር መስመሩ ለተወሰነ ሰዓት ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ሽቦ ላይ ወይም ሽቦው አጠገብ ሥራ ካለ ደግሞ መብራቱ ይቆረጣል። መብራት የሌለው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የቆመ ብረት ነው። ስለዚህ የጥገናውን ፉርጎ ናፍጣ ይስበዋል። ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከጣቢያ ግቢ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚገኘው ባብዛኛው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ በሌላ ቀን ብትፈልገው አታገኘውም።

ቢጫው ማሽን ደግሞ ጠጠር ጠቅጣቂ ነው። ሐዲዱን ትንሽ ከፍ ያደርግና እንደ ሹካ ያሉ የብረት ጣቶቹን በሁለት በኩል ጠጠሩ ውስጥ ይሰካል፤ እያንቀጠቀጠ ጠጠሩን ከሥር ያጠጋጋል። ከዚያ ነቅሎ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ እንደገና ይሰካል። ባቡር ሲመላለስበት ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ሐዲዱ ይጎብጣል፤ ለዚህ ነው የሚደጋገመው። ጣቶቹ ሲሰኩ አቧራ ቡን ይላል። እኔ ካሜራ ባውቅ ያቺን ቅጽበት ነበር የምጠብቅ።

ብርሃን ፈላጊ
ፎቶህ የጠቆረው በካሜራው አይደለም። አሁን ጥር ነው፤ በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። አንተ ደግሞ ተራራውን ከጀርባ ለማስገባት ከሐዲዱ ሰሜን ቆመህ ወደ ደቡብ ዞረሃል። ፀሐይን ፊት ለፊት ነው ያነሳሃት! ወዳንተ የዞረው የማሽኑ ጎን ጥላ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ሰማዩን አይቶ አጨለመብህ።

ሁለት አማራጭ አለህ። አንዱ፣ ለአሁኑ ተራራውን ተወውና ከሐዲዱ ደቡብ ቁም፤ ብርሃኑ ከትከሻህ ኋላ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ግንቦት ድረስ ታገስ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ፀሐይ የምትወጣው ከሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት የሰሜኑ ጎን ይበራል፤ ተራራውም ሎኮሞቲቩም አብረው ይገቡልሃል። እዚህ አገር በዚያ ወቅት ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ጥላህን አይተህ ማረጋገጥ ትችላለህ፣ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው።

ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ። በመሀል ያለውን ለምሳና ለበርጫ ተወው። ቀትር ላይ የጋለው ሐዲድ አየሩን ያርገበግበዋል፤ ከሩቅ በዙም ያነሳኸው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የትኛውም ውድ ሌንስ አያድንህም። ለሚንቀሳቀስ ባቡር የሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አታውርድ። ለጠቅጣቂው ግን 1/60 ሞክር፣ አካሉ ቆሞ ጣቶቹ ብቻ ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ማቆሚያ እግር ያስፈልግሃል።

ሽቦ ሠሪ
ስለ ማቆሚያ እግር ከተነሳ አይቀር፦ ያ ሽቦ 25,000 ቮልት ነው። ካልነካሁት ምንም አይለኝም እንዳትል፤ በጣም ከቀረብከው ሳትነካውም ዘሎ ይመጣል። ረጅም የሰልፊ ዘንግ፣ ጃንጥላ፣ የተዘረጋ የብረት እግር ይዘህ ድልድይ ላይ ወጥተህ ወደ ሽቦው እንዳትዘረጋ። «ዛሬ ጥገና ነው፣ መብራት የለም» የሚለውን ወሬም አትመን። መቆረጡንም መመለሱንም የሚያውቁት ሠራተኞቹ ናቸው።

ሌላው፣ የድሮው ባቡር ገና ከሩቅ እያጓራ ነበር የሚመጣው። የአሁኑ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የመንገደኛው እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊትህን እያነሳህ በጀርባህ ይደርስብሃል። ግመልም አልቻለውም።

ጁገል በር
ከሐረር ነኝ። እኛስ ባቡሩ ሊመጣልን ነበር! ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነው። ተራራው ወጪውን ሲያበዛው እታች ቀረና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ስሟንም «አዲስ ሐረር» አሏት። ቂሜን አልረሳሁም።

ወደ ፈቃዱ፦ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆነህም ቢሆን ጥበቃ ከጠየቀህ አትከራከር። እኔ አንዴ ሌላ ከተማ ድልድይ ሳነሳ ካሜራዬን ተቀብለው ግማሽ ቀን አስቀምጠውኛል፤ ጥፋቱም የራሴ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የገባሁት። መታወቂያህን ይዘህ፣ ለምን እንደምታነሳ ባጭሩ ጽፈህ በሥራ ቀን ለባቡሩ ድርጅት አስገባ። የሥራ ቀን ካልሆነልህ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ያስገባልህ። የድሮው ወርክሾፕ በር ላይ ግን በትሕትና «ጋሼ፣ የድሮዎቹን ማየት ፈልጌ ነበር» ብትል ይሻልሃል። ድሮን የሚባል ነገር አታምጣ።

ቀፊራ ሰፈር (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። መስመሩን ተከትዬ ጅቡቲ ብወርድስ? ባሕሩን ከጀርባ አድርጌ?

ከዚራ ማታ
ደወሌን ከተሻገርክ በኋላ የሰው አገር ነው። እዚያ ወደብና የመሳሰለውን ማንሳት ክልክል ነው። ባሕሩን ለብቻው አንሳው።

ቀፊራ ሰፈር (ጠያቂ)
ቅዳሜ ሄድኩ። ከአዲሱ መስመር አጠገብ አልተፈቀደልኝም፤ በትሕትና መለሱኝ፣ በትሕትና ተመለስኩ። ደብዳቤውን እህቴ ሰኞ ታስገባልኛለች። ከዚራ ግን በሩ ላይ ያሉት አባት «ጋሼ» ስላቸው ሳቁና ራሳቸው አስገቡኝ። የጣሊያን ሊቶሪናዋን፣ ያቺን ራሷ ሞተር ያላትን የድሮ የመንገደኛ ፉርጎ አየኋት! አንዷ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጎን ላይ «አልስቶም» የሚል የብረት ጽሑፍ አለ፤ ፊደሎቹ በእጅ ብዛት ለስልሰው «ስ» እና «ቶ» ላይ ቀለም አልቀረም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብርሃኑ በተሰበረው የጣሪያ ቆርቆሮ ገብቶ እዚያ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ከሁሉም የወጣልኝ ፎቶ እሱ ነው።

አሁን ሌንሴ አቧራ ጠጥቷል። በምን ልጥረገው?

ብርሃን ፈላጊ
በሸሚዝህ እንዳታደርገው! የዚያ ግቢ አቧራ የብረት ብናኝ አለበት፣ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፋ፤ በአፍህ አይደለም፣ ምራቅ ይገባል። የቀረውን በመነጽር ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር።