ከሰል የገባበት መደብ ላይ ትሎቼ ጠፉ፤ ነጫጮቹ ነፍሳትስ ከየት መጡ?

ጓሮዬ ጅማ
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ዳር ስድስት መደብ አለኝ፤ አራቱ የቡና ችግኝ፣ ሁለቱ ጎመንና ቆስጣ። የቡና ገለፈት በነጻ ስለማገኝ በርሜል ውስጥ አየር አሳጥቼ አከስለዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የጎመኑና የቆስጣው መደብ ላይ አንድ አንድ ባልዲ በትኜ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት። ደረቁን ነው፤ ከበርሜሉ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

ትናንት ስቆፍር፣ በአንድ አካፋ ሰባት ስምንት የምድር ትል የማይጠፋበት ቦታ አንድም የለም። ሁሉም ከመደቡ ወጥተው መሄጃው ሥር ተከማችተዋል። ሦስት ዓመት በወጥ ቤት ትራፊ ያሳደግኳቸውን በገዛ እጄ አባረርኩ። በምትካቸው የከሰሉ ፍርፋሪ ላይ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ ነፍሳት ፈልተዋል፤ በስንጥር ስነካቸው ይፈናጠራሉ። ሥር ይበላሉ? «ከሰል ለአፈር ነፍሳት ቤት ነው» ተብዬ ነበር። ታዲያ ቤቱ የማን ነው?

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ
እህቴ፣ ትሎቹ ጥም ነው ያባረራቸው። የምድር ትል ሳንባ የለውም፤ በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል። ደረቅ ከሰል ደግሞ በዙሪያው ያለውን ውኃ ይመጥጣል። በሂዩስተን የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ይህንኑ አሳትመዋል፤ ከሰሉን አስቀድመው በውኃ ሲያርሱት ትሎቹ መሸሻቸውን ተዉ። የእርስዎ ገለፈት ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከአመዱ ጋር ጨው ይሆናል፤ አንድ ሁለቴ አጥበው ውኃውን ይድፉት።

ትል ከሰል ይጠላል ማለት ግን አይደለም። በፈረንሳይ ጉያና ፖንቶስኮሌክስ የሚባለው ትል ከሰሉን ከአፈር ጋር እየዋጠ፣ አድቅቆ በኩሱ ይመልሰዋል። እኛ በአካፋ የምንደክምበትን እርሱ በሆዱ ይጨርሰዋል።

ምድጃ
ይህን ሁሉ ከሰል አፈር ከማልበስ ቡና ቢፈላበት አይሻልም?

ጓሮዬ ጅማ
የገለፈት ከሰል ዱቄት ነው፤ ምድጃዎ ውስጥ ቢያስገቡት ዓይንዎን ብቻ ያጠፋዎታል።

ጀርመን ያለ ወንድም
እትዬ፣ ነጫጮቹን አይንኩብኝ! ኮሌምቦላ ይባላሉ። ከሆዳቸው ሥር የታጠፈች ሹካ አለቻቸው፤ ስትፈታ ታፈናጥራቸዋለች። በአብዛኛው የሚግጡት የፈንገስ ክርና የበሰበሰ ቅጠል ነው። እኔ የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ የምናረባቸው፣ ይገርምዎታል፣ ጄሶና የከሰል ዱቄት ተቀላቅሎ በተጋገረ ወለል ላይ ነው። ጄሶው እርጥበት ይይዛል፤ ከሰሉ ከኩሳቸው የሚወጣውን ይመጥጣል፤ ነጩ ነፍሳት በጥቁሩ ላይ ስለሚታይም ለመቁጠር ይመቻል። ምግባቸው ትንሽ እርሾ ነው።

«ቤት» የሚሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። አብዛኛው የከሰል ቀዳዳ ከፀጉር እጅግ ይቀጥናል። ባክቴሪያ የሚሊ ሜትር ሺኛ ያህል ስለሆነች በሰፋፊዎቹ ትገባለች፤ የፈንገስ ክርም ይሾልካል። አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆነው ኮሌምቦላ ግን በየት በኩል? እርሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ የወጣውን ክር የሚግጥ ነው። ስለ ትሎቹ ደግሞ የሰው ቃል ብቻ አይመኑ፤ አንድ ሳፋ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ያለ ከሰል፣ ግማሹን ከከሰል ጋር ሞልተው፣ መሐል ላይ ትል ይጨምሩና ከሁለት ቀን በኋላ ይቁጠሩ።

ጓሮዬ ጅማ
ሞከርኩ። ሁለት ሳፋ፣ በእያንዳንዱ 10 ትል። ደረቅ ከሰል ባለበት ሳፋ 9ኙ ወደ ንጹሑ አፈር ሸሹ። ታጥቦ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ከሰል ባለበት ግን 6ቱ ንጹሑ ውስጥ፣ 4ቱ ከሰሉ ውስጥ ተገኙ። ባለቤቴ ልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ስለወሰድኩበት እስካሁን አኩርፏል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መደቡን በባልዲ ውኃ አርሼ በገለባ ሸፍኜዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከመደቡ ጠርዝ ላይ አንድ ትል አገኘሁ፤ ኩሱ ጥቁር ነበር።