የ14 ወር ልጄ ጉንፋን አልለቀው አለ፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት፤ የመከላከል አቅሙ ደካማ ይሆን?

የሳሚ እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ? ወንድ ልጄ 14 ወሩ ነው። ሥራ ስለጀመርኩ ከ3 ወር በፊት ሕፃናት ማቆያ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ደህና የከረመበት ሳምንት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 4 ጊዜ ጉንፋን ይዞታል። አፍንጫው ይዝረከረካል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ አንድ ቀን 39 ደርሶ ሌሊቱን ሙሉ አቅፌው አደርኩ። በ5 በ6 ቀኑ ይሻለዋል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ይጀምረዋል።

ባለፈው እሑድ ገላውን ሳጥበው ከመንጋጋው ሥር ባቄላ የምታክል እብጠት እጄ ላይ መጣች። ስነካት ከጣቴ ሥር ትንሸራተታለች፣ እሱም አያለቅስም። እኔ ግን ክው ነው ያልኩት። አክስቴ አይታው «ንፍፊት ነው፣ እንጥሉ ወርዶበታል፣ ይቆረጥለት» አለች፤ የሚቆርጡ ሴትዮም ታውቃለች። የሰፈር መድኃኒት ቤት ደግሞ ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሰጠኝ፤ ገና አልከፈትኩትም።

የልጄ በሽታ የመከላከል አቅም ደካማ ነው ማለት ነው? እብጠቷስ ምንድን ናት? «አቅም ይጨምራል» የሚባለውን ውድ ቫይታሚን ልግዛለት? በ15 ወሩ የኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ክትባት አለው፤ ጉንፋን ይዞት ብወስደው ይጎዳዋል? ክብደቱ 10 ኪሎ ነው፣ ጡት ይጠባል፣ ክትባቱን አንድም አላጓደልኩም። እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ።

ሲስተር፣ ክትባት ክፍል

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንጥሉን እንዳታስነኪው። ሽሮፑንም እንደታሸገ አስቀምጪው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ልጁ ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱና ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለ1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎኑ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሰውነቱ ዝሎ አልነቃ ካለም ሌሊት ነው ብለሽ እንዳትጠብቂ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የቤት እንክብካቤ ይበቃዋል። ጡት ደጋግመሽ አጥቢው። አፍንጫውን ጨው ባለው ንጹሕ ውኃ አለስልሰሽ ጥረጊለት። ትኩሳቱ ካወከው ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው የሚሰጠው። 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚለው ሽሮፕ ከሆነ ለ10 ኪሎ ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አስፕሪን በፍጹም። ደግሞ በጋቢ ጠቅልለን የምናላብበውን ልማድ ተዪው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ከላብራቶሪ፣ ጎንደር

ሲስተር አደጋውን ስለነገረችሽ እኔ ስለ እብጠቷ ላስረዳሽ። ንፍፊት የምንላት ዕጢ ሁላችንም አንገታችን፣ ብብታችንና ብሽሽታችን ውስጥ ይዘናት የተወለድናት ናት። በደህናው ጊዜ ትንሽ ስለሆነች እጅ አያገኛትም። እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ብሽሽቱ ሲያብጥ አይተሽ ይሆናል። የልጅሽ በሽታ የገባው በአፍንጫና በጉሮሮ ስለሆነ ያበጠው አንገቱ ነው።

ከቆዳና ከንፍጥ አልፎ የገባ የጉንፋን ቫይረስ የአፍንጫ ሽፋን ሴሎች ውስጥ ራሱን ያባዛል። የተያዘው ሴል ታዲያ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል፣ ጎረቤቶቹም በዚያ ተነቅተው ቫይረሱ እንዳይባዛባቸው ይዘጋጃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። አፍንጫው የሚዝረከረከውና የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ትኩሳቱንም የሚያመጣው ራሱ ሰውነቱ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች የሚልኩት መልእክት አንጎል ሲደርስ የሙቀቱ ልክ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጀርሞች ደግሞ በሙቀት አይመቻቸውም። ንፍጡ አረንጓዴ ሲሆን ብዙ እናቶች «መግል ሆነ» ብለው አንቲባዮቲክ ይገዛሉ። ያ ቀለም ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከያዙት ኢንዛይም የሚመጣ ነው፤ በጉንፋንም ጊዜ ይታያል። መቅኔያችን ኒውትሮፊልን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ያመርታል፤ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ማምረቱ አይቋረጥም።

ወደ ባቄላዋ ልምጣ። አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚዞሩ ጠባቂ ሴሎች የቫይረሱን ቁራጭ ተሸክመው በሊምፍ ቧንቧ ወደ ንፍፊቷ ይወርዳሉ። እዚያ የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች ሊምፎሳይት ይባላሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። ቁራጩ የሚገጥመው ሲገኝ ያ ሴል መባዛት ይጀምርና 1 የነበረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሺዎች ይሆናል። ጣትሽ ያገኘው እነሱን ነው። ገሚሶቹ አንቲቦዲ የሚባል ቫይረሱን የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታሉ፣ ገሚሶቹ ቫይረስ የገባበትን ሴል እየፈለጉ ይገድላሉ። ይህ እስኪደራጅ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሥራው ካለቀም በኋላ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ያው ቫይረስ ዳግም ሲመጣ በፍጥነት ይነሳሉ።

«ታዲያ ካስታወሱት ለምን 4 ጊዜ ታመመ?» ትይኝ ይሆናል። ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ከ200 በላይ ስለሆኑ ነው። ልጅሽ እስከ 11 ወሩ ያገኘው የቤቱን ሰው ጀርም ነበር፤ አሁን የማቆያውን ልጆች ሁሉ ጀርም ነው የሚያገኘው።

ሌላም አንድ ነገር፦ የደም ምርመራ ብታሠሪ ወረቀቱ ላይ «ሊምፎሳይት ከፍ ብሏል» የሚል ምልክት ልታዪ ትችያለሽ። በዚህ ዕድሜ ሊምፎሳይት ከኒውትሮፊል መብለጡ ጤነኛ ነው። ብዙ ጊዜ መሣሪያው የሚያወዳድረው ከአዋቂ ልክ ጋር ስለሆነ በከንቱ ትደነግጫለሽ።

የ5 ልጆች እናት

ልጄ፣ ስለ እንጥሉ እኔ ልንገርሽ፤ ደርሶብኛልና። የመጀመሪያ ልጄን በ8 ወሩ አስቆረጥኩት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ስላስቆረጡ ክፉ ነገር አልመሰለኝም። በክር ይዘው በምላጭ ቆረጡት፣ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ማታ ላይ ጡት አልይዝ አለ። ደሙን እየዋጠው ኖሮ ሌሊት ጥቁር ነገር አስመለሰ። በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው፣ ደም ተሰጠው። እግዚአብሔር ምሮልኝ ዛሬ 26 ዓመቱ ነው። ጉንፋኑ እንደሆን ከተቆረጠም በኋላ እንደ ድሮው ነበር። ከእሱ በኋላ የወለድኳቸውን አራቱንም አላስነካኋቸውም። አክስትሽ ለልጁ አስባ ነው፣ አትቆጪያት፤ የእኔን ታሪክ ንገሪያት።

ሲስተር፣ ክትባት ክፍል

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር የጉበት ቫይረስም፣ ኤችአይቪም፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስተላልፍ እንደሚችል ልጨምርበት።

አባት፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እኛም እዚህ ያንኑ አይተናል። ልጄ ዴይኬር የገባችው በ10 ወሯ መስከረም ላይ ነበር፤ እስከ ፋሲካ 7 ጊዜ ታመመች። ሐኪሟን «አንቲባዮቲክ እዘዢልን» ብዬ ልጣላት ደርሼ ነበር። እሷም ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ እንደሆነ፣ ዴይኬር የሚውል ልጅ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ እንደሚችል ነገረችኝ። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ብቻ ስለሆነ የጉንፋን ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ሆድ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ይጎዳል። በሁለተኛው ዓመት ሕመሟ በግልጽ ቀነሰ። ለሳሏ ማታ ማታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር እንሰጣት ነበር። ልጅሽ ዓመት ስላለፈው ይቻላል፤ ዓመት ላልሞላው ግን ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ስለሚያሰጋ ማር አይሰጥም። ይህንን ለአያቶች መንገር ከባድ ነው፣ እኔም ከእናቴ ጋር በስልክ ተሟግቼበታለሁ።

ሲስተር፣ ክትባት ክፍል

አሁን ወደ ክትባቱ። ቀላል ጉንፋን ወይም መጠነኛ ትኩሳት የኩፍኝን ክትባት አያስቀርም፤ ውሰጂው። «አመመው ብዬ ቀረሁ» ብለው በዚያው የሚጠፉ እናቶች በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል፣ ያሳዝነኛልም። ኩፍኝ ከሌሎቹ የሚለየው ሽፍታውና ሳሉ ካለፉ በኋላም ስለሚጎዳ ነው፤ ከላይ የተባሉትን የሚያስታውሱ ሴሎች ራሳቸውን ያጠፋል። ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ከዚያ በፊት ያወቃቸውን ጀርሞች ረስቶ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ ተጋልጦ ይከርማል።

በ9 ወሩ ተከትቦ ለምን ይደገማል ለምትሉ፦ ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የተሻገረ አንቲቦዲ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል፣ ቀስ በቀስም ያልቃል። በ9 ወሩ አንዳንዱ ልጅ ላይ የተረፈው የእናት አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ልጁ ሳይማርበት ያጠፋዋል። የ15 ወሩ መርፌ ያልያዘላቸውን ልጆች ለመድረስ ነው። እንገር ይደፋ ሲሉ የምንከራከረውም ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት የአንጀትንና የጉሮሮን ሽፋን የሚጠብቅ አንቲቦዲ የሞላበት ነው። አሁንም ጡትሽ እየሠራለት ነው።

ውዱን ቫይታሚን ተዪው። ከ6 ወር ጀምሮ በየ6 ወሩ በነፃ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ወስዷል? የሳንባና የአንጀት ሽፋን ያለ እሱ አይጠነክርም። በተረፈው ብር እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ካሮት ግዢለት። ቤት ውስጥ የሚስል ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ግን ንገሪኝ።

የሳሚ እናት፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። ትንፋሹን 3 ጊዜ ቆጠርኩ፦ 30፣ 32፣ 30። ቫይታሚን ኤውን ካርዱ ላይ አየሁት፣ ወስዷል። ለአክስቴም የእማማን ታሪክ አነበብኩላት፤ ዝም አለች።

ሲስተር፣ የጠየቅሽኝ ነገር አሳሰበኝ። አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከ3 ሳምንት በላይ ይስላል። «ብርድ ነው» እያለ አልታከመም። ልጁ ከእቅፉ አይወርድም።

ከላብራቶሪ፣ ጎንደር

ይህንን በመናገርሽ ደግ አደረግሽ፤ ነገሩን ይለውጠዋል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ጠዋት ሲነሱ ከጥልቅ የሚወጣውን አክታ ጤና ጣቢያ ይስጡ፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ይመረመራል፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ክፍያ የለውም። ልጁንም አብረሽ ውሰጂ። የቢሲጂ ክትባት ልጆችን ከከባዱ ቲቢ፣ በተለይ ከማጅራት ገትሩ፣ ይጠብቃል፤ ከሁሉም ዓይነት ግን አያድንም። የንፍፊት ቲቢ ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው።

እንዳትሸበሪ፤ የልጅሽ እብጠት ትንሽ ናት፣ ትንሸራተታለች፣ ክብደቱም ደህና ነው። የምፈራው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያለፈችውን፣ የደደረችውንና ከሥሯ የተጣበቀችውን፣ እርስ በርስ የተያያዙ ብዙ እብጠቶችን፣ ከወር በላይ እያደገች የምትሄደውን ነው። ክብደት መቀነስና ሌሊት ማላብ ከተጨመረ ይበልጥ።

ሲስተር፣ ክትባት ክፍል

«የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው?» ላልሽው ደግሞ እኛን የሚያጠራጥረን በዓመት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፣ ዓመት ካለፈ በኋላ አፍ ውስጥ የማይለቅ ነጭ ሽፍታ፣ ያለ ደም ሥር መድኃኒት የማይድን ኢንፌክሽን፣ የማይጨምር ክብደት ነው። ልጅሽ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የሳሚ እናት፣ ደብረ ብርሃን (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ቃል ስለገባሁ ተመልሼ መጣሁ። የአባቴ አክታ ከቲቢ ነፃ ነው፤ የከረመ ብሮንካይተስ ነው ተብሎ እየታከመ ነው። የሳሚን እብጠት ሐኪሙ በጣቱ ለካት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፣ ከጉንፋኑ የመጣች ናት አለኝ። አሁን ባቄላነቷ ቀርቶ ምስር ሆናለች። ሽሮፑ ሳይከፈት ቀረ። ትናንት 15 ወር ስለሞላው አፍንጫው ትንሽ እየፈሰሰ ክትባቱን ወሰደ። ዛሬ ትኩሳት የለውም፤ ልጠብቅ?

ሲስተር፣ ክትባት ክፍል

እንኳን ደስ አለሽ! የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ብዙ ጊዜ በማግስቱ አይመጣም። ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ሰውነቱ እስኪነሳበት ጊዜ ይወስዳል፤ ከመጣ ከ7 እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ነው፣ አንዳንዴ ቀለል ያለ ሽፍታም ያሳያል። በ2 በ3 ቀን ይተወዋል። ፓራሲታሞሉን ያኔ ካወከው ስጪው፣ አስቀድመሽ አትስጪው።