ከከባድ አገራዊ አደጋ ዜና በኋላ ታዳጊዎችን እንዴት እናግዝ?

ጥያቄ፦ ቀድሞውኑ የስሜት ቁስል ካለባቸው፣ ከ14 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ታዳጊዎች ጋር ነው የምሠራው። ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ ዜና ሲመጣ ከየት ይጀመራል? አንዱ ቪዲዮውን ደጋግሞ ያያል፤ ሌላዋ ጭራሽ አትናገርም።

መልስ 1፦ መጀመሪያ «ምን ሰማችሁ?» በሏቸው፤ በመካከላቸው የሚዞረው ወሬ ከእውነታው የከፋ ሊሆን ይችላል። የተረጋገጠውን በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ ያልታወቀውን «ገና አልታወቀም» በሉ። ሁሉንም ሰብስቦ «ስሜታችሁን አውጡ» ማለት ግን እባካችሁ ይቅር፤ ያልተዘጋጀውን ያስገድዳል፣ የአንዱ ዝርዝር የሌላውን ቁስል ይቀሰቅሳል። ዝምተኛዋን አትጫኗት። አብሮ እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል።

መልስ 2፦ ቪዲዮውን ደጋግሞ የሚያየውን ልጅ ስልኩን ብትነጥቁት ተደብቆ ያያል። ቪዲዮ በራሱ እንዲከፈት የሚያደርገውን የስልኩን ማስተካከያ ከእሱ ጋር ሆናችሁ አጥፉ። ዜና በቀን ሁለቴ ይበቃል፣ ያውም በጽሑፍ፤ ከመኝታ በፊት አይሁን።

መልስ 3፦ ታዳጊውን ድንጋጤ ሲይዘው ሁለቱን እግሮቹን መሬት ያስረግጥ፤ እስከ 4 እየቆጠረ አየር ይሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣ። ራሱን የመጉዳት ፍንጭ ካያችሁ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒትና ስለት አርቁ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ይየው። በእንቅልፉ የሚቃዥ ከሆነና ይህም ከወር በላይ ከቆየ ምርመራ ያስፈልገዋል።