ወንድሜን ለአውስትራሊያ የከሰል ማዕድን ሾፌርነት ገንዘብ አምጣ ብለውታል

ፍራንኮ ሰፈር (ሜልበርን)፦ ሰላም ለአዳማ ልጆች። ታናሽ ወንድሜ ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ አለው፤ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተሳቢ ያመላልሳል። አዳማ ያለ አንድ ደላላ ኩዊንስላንድ ውስጥ በከሰል ማዕድን የገልባጭ መኪና ሾፌርነት ከነቪዛው አለ ብሎ 400 ሺህ ብር ጠየቀው። ግማሹን እስከ እሑድ ካልከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናታችን ደግሞ «አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ወንድምሽን ትረሺዋለሽ?» እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ። ውሉ ላይ የአንድ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ስም ሰፍሯል። እንዴት ላጣራ?

ማካይ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ያዢው። እኔ እዚሁ ኩዊንስላንድ ለቦወን ተፋሰስ የከሰል ማዕድናት ከባድ ማሽን እጠግናለሁ። ሞራንባህና ዳይሳርት በሚባሉት የማዕድን ከተሞች አካባቢ ሠራተኛ ጠፋ ሲባል ትሰሚያለሽ፤ እውነት ነው፤ የጠፋው ግን የናፍጣ ሞተር መካኒክና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የገልባጭ ሾፌርነት በሠለጠነ ሙያ ቪዛ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ጉንየላ ሪቨርሳይድ በሚባለው ማዕድንማ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ገልባጮቹ ያለ ሾፌር መሄድ ጀምረዋል። በኩዊንስላንድ ሠራተኛ የሚያቀርብ ድርጅት ሁሉ ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ለቪዛ ስፖንሰርነት ገንዘብ መቀበል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል።

ፍራንኮ ሰፈር፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። መዝገቡን አየሁት። ስሙ አለ፣ ፈቃዱም የጸና ነው። ይኸው ነው ግራ ያጋባኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ «የከሰል ማዕድን ጤና ምርመራ» ከፍሎ ጨርሷል።

ማካይ፦ ስምማ ማንም ይገለብጣል። ውሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ባለው ደውይላቸው። ያ ምርመራ የሳንባ ራጅና የትንፋሽ መለኪያ ያለበት ነው፤ ጠፋ የተባለው፣ ከከሰል አቧራ የሚመጣው የጥቁር ሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመልሶ ከተገኘ ወዲህ በጣም ጠብቋል። የሚያዘጋጀውም እዚህ ያለው አሠሪ፣ እዚህ በተመዘገበ ሐኪም ነው።

የሞጆ መንገድ (አዳማ)፦ በአገራችንም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ኤጀንሲ የሚልከውም እንደ ሳዑዲ፣ ዮርዳኖስና ኳታር የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው። ግን ልጁ ለምን ይሰደዳል? የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰሉን ከደቡብ አፍሪካ በጅቡቲ ሲያስመጡ እኛ አዳማ ላይ መኪናውን ስንቆጥር ነበር። አሁን ከዳውሮ፣ ከያዩ፣ ከጅማ አጠገብ ከደልቢ ይጫናል። የእኛው ከሰል አመድ ስለሚበዛበት ማጠቢያ ፋብሪካ ተተክሎለታል። 400 ሺህ ብሩን ለጋራ ሲኖትራክ ያዋጣ።

ስደተኛዋ (ፐርዝ)፦ ወንድሜ፣ በ400 ሺህ የሲኖትራክ ጎማ እንጂ ሲኖትራክ አይገዛም። ለዳውሮ መንገድስ መድን ማን ይከፍልለታል? እዚህ ተቀምጠን ስንልክ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለዕድር ያልቃል፤ ሰው ልሥራ ሲል ደግሞ «ለምን ይሰደዳል» ይባላል። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር የቡና ሽታ ናፍቆኝ አለቅሳለሁ፤ ግን ተመለሺ ብትሉኝ አልመለስም። ይህንንም እውነቱን እንናገር።

የሞጆ መንገድ፦ ተመለሺ ያለሽ የለም። አዋጡ ያልኩት ለሦስት ለአራት ነው፤ ሳታነቢ አትመልሺ። እኔ ጀርመን አሥር ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ።

ማካይ፦ ጀርመን ከጠራህ፣ የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድናቸው ቦትሮፕ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቷል። ማዕድን አውጪዎቹን ግን ሜዳ ላይ አልጣሏቸውም፤ ለዓመታት በጡረታና በሌላ ሥልጠና እያስወጡ ነው የዘጉት። ኩዊንስላንድ የሚወጣው በብዛት ለብረት ማቅለጫ ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም። ልጁ የናፍጣ መካኒክነት ይማርና በሙያ ምዘና በኩል ይምጣ፣ እንግሊዝኛውንም ያጠንክር።

ስደተኛዋ፦ ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት እንደገና ተማሪ ቤት ይግባ ነው የሚሉት? ማን እየመገበው?

ማካይ፦ አዎ፣ ይግባ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው የተማርኩት፤ ማንም አልመገበኝም።

የሞጆ መንገድ፦ እርስዎ ሲማሩ ኩንታል ጤፍ ስንት ነበር?

ፍራንኮ ሰፈር፦ ይቅርታ፣ ጤፉን ለጊዜው ተዉልኝ። ድርጅቱ ጋ ደውዬ ነበር፤ መልእክት ተዪ አሉኝ፣ እስካሁን አልመለሱም። አሁን ወንድሜ ደውሎ ደላላው ክፍያውን ወደ 250 ሺህ እንዳወረደለት፣ ጊዜውንም እስከ ረቡዕ እንዳራዘመለት ነገረኝ። ደስ ብሎታል። እናታችን ግማሹን ከዕቁብ ሰጥተውታል። እንዲመልሱት ምን ብዬ ልንገራቸው?