የባህር ዳርቻ ካርዶች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናብስለው

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስንገናኝ ለመልካም ምኞት ካርዶቻችን የባህር ዳርቻ የሚለውን ጭብጥ ሁላችሁም ወዳችሁታል፣ ግን እስካሁን ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር የለንም። ለማኅበራችን ጉባኤ አንድ ገጽ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። እኔ መነሻ ልጣል፣ እናንተ ቁረጡ፣ ቀጥሉ።

120 በእጅ የተሠሩ የመልካም ምኞት ካርዶች። 12 ሰው፣ ለአንድ ሰው 10 ካርድ፣ በ3 ቅዳሜ። የሚላኩት ከአልጋ ወይም ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ነው። ባህር ድረስ ሄዶ ማየት ለማይችል ሰው ባህሩ ወደ እሱ ይምጣ ነው ነገሩ። 6 ዓይነት ንድፍ አስቤያለሁ። እውነተኛ ዛጎል፣ እውነተኛ አሸዋ እና ትንሽ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብንጠቀም ያምራል ብዬ አምናለሁ። እስቲ በሉ።

አዲስ አባል፦
ዛጎል እኔ ጋ አለ! አንድ ጣሳ ሙሉ። አመጣለሁ።

በፖስታ ሥራ የቆዩት አባል፦
ልጄ፣ ዛጎሉን ለጌጥ ቤትሽ አስቀምጪው። ካርድ ላይ አይሆንም። ፖስታው የሚለየው በማሽን ነው፤ በቀበቶና በሚሽከረከሩ ጎማዎች መሃል ተጨምቆ በፍጥነት ያልፋል። ጠንካራ ጉብታ ያለበት ፖስታ ወይ ይቀደዳል ወይ ውስጡ ያለው ይሰበራል። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት የተቀደደ ፖስታ እንደሰበሰብኩ አልነግራችሁም። ውስጡ የተጻፈው ደብዳቤ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ የቀረም ነበር፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

ደግሞም ውፍረት አለ። በብዙ አገር ተራ ደብዳቤ ከ5 ወይም ከ6 ሚሊሜትር በላይ ከወፈረ እንደ ደብዳቤ አይታይም፣ ክፍያውም ሌላ ይሆናል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታም ተዉት፤ ላዩ የቱ ጎን እንደሆነ ማሽኑ አይለይም። ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ ረዘም ያለ። በቃ።

አዲስ አባል፦
እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። ዛጎሉን አይቼ ልሥለው እችላለሁ እንጂ።

በፖስታ ሥራ የቆዩት አባል፦
እሱማ ግሩም ነው።

እናቷን ያስታመመችው አባል፦
ስለ አሸዋው እኔ ልናገር። እናቴ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች። አንድ ደግ ሰው እውነተኛ አሸዋ የተለጠፈበት ካርድ ላከላት። በጣም ወደደችው፣ በእጇ እየዳሰሰች ነበር የምታየው። ከዚያ አሸዋው መርገፍ ጀመረ። አንሶላው ላይ፣ ትራሱ ላይ። ቆዳዋ ሳስቶ ስለነበር አንዲት ፍሬ አሸዋ እንኳ ትቆረቁራት ነበር። በመጨረሻ ካርዱን ከእሷ አርቄ መስቀል ግድ ሆነብኝ፤ እሷ ደግሞ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ከሩቅ አታየውም። ስለዚህ እባካችሁ፣ የሚረግፍ ነገር አንድም አይኑር። አሸዋም፣ ብናኝም፣ ዶቃም።

ሌላው ደግሞ ጽሑፉ ነው። «ቶሎ ይዳኑ» የሚል ካርድ ብዙ ይመጣልን ነበር። የሚድን ሰው ያነበዋል፣ ይደሰታል። እንደማይድን የሚያውቅ ሰው ግን አንብቦ ዝም ይላል። እናቴ ዝም ስትል አይቻታለሁ። ከሁሉ አብልጣ የያዘችው ካርድ ውስጡ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፣ የጻፈው ሰው የዚያን ቀን በመስኮቱ ያየውን ነገር ነበር የነገራት። ተራ ነገር ነው፣ ግን ለእሷ የተጻፈ ነበር። የታተመ ግጥም አናስገባ። ውስጡ ባዶ ይሁን፣ ካርዱን የሠራው ሰው በገዛ እጁ ይጻፍበት።

አስተባባሪ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። አሸዋው ወጥቷል። ብናኙም ወጥቷል። የመጀመሪያ ሐሳቤ የተሳሳተው ካርዱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ብቻ ስላየሁት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ብናኙ ልጨምር። አብዛኛው የፕላስቲክ ፍርፋሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ልቅ የፕላስቲክ ብናኝን ሽያጭ መገደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው፤ ምክንያቱም ታጥቦ መጨረሻው ውሃ ውስጥ ነው፣ ከዚያም ባህር። የባህር ካርድ ሠርተን ባህሩን ማቆሸሽ አይሆንልንም።

የውሃ ቀለም የምትሠራው አባል፦
ቆይ፣ ያለ አሸዋና ያለ ዛጎል ባህር አይሠራም ብላችሁ እንዳትከፉ። እንዲያውም አሁን ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

አረፋን እንውሰድ። ሰማያዊ የተቀባ ወፍራም ወረቀት በእጅ ስትቀዱት፣ ከሁለቱ ቁራጮች አንዱ ነጭ ጠርዝ ይዞ ይቀራል፤ ቀለም ያልነካው የወረቀቱ ውስጥ ነው የሚታየው። ያ ነጭ መስመር አረፋ ነው። መቀስ ይህን አይሰጣችሁም። 4 ወይም 5 እንዲህ የተቀደዱ ንጣፎችን አንዱን ባንዱ ላይ ስታነባብሩ፣ ከላይ ጠቆር ያለውን፣ ወደ ታች እየፈዘዘ የሚሄደውን፣ ማዕበል ወደ ዳርቻ ሲመጣ ታዩታላችሁ። ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር አያልፍም፣ ጋሼም አይቆጡንም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ ይሠራዋል፣ እንዲያውም ቀዳዱ ያልተስተካከለ ሲሆን ይበልጥ ያምራል።

የፀሐይ ብልጭታ ውሃ ላይ ስትፈልጉ ደግሞ ሻማ። ነጭ ሻማ ሸካራ በሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ጎን ለጎን በቀላሉ አሹት፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም በብሩሽ ደርቡበት። ሰም የነካው ቦታ ውሃ አይቀበልም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሻማው መቅደም አለበት፤ ከቀለም በኋላ ብታሹት ዋጋ የለውም። ሲያሹት ምንም አይታይም፣ ቀለሙ ሲመጣ ነው የሚወጣው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚፈነጥዘው ለዚህ ነው።

ጨውም አለ። የተቀባው ገና እርጥብ ሆኖ ግን ኩሬ ሳይሠራ፣ የእርጥቡ ቀለም ብልጭታ መጥፋት ሲጀምር ደቃቅ ያልሆነ ጨው በትንሹ በትኑ። እያንዳንዷ ፍሬ ውሃውን ወደ ራሷ ትስብና ዙሪያዋ የኮከብ ቅርጽ ይወጣል። ብቻ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መራገፍ አለበት። ከላይ የተነገረውን ካነበብኩ በኋላ ግን ጨውን እኔው ራሴ ሰርዣለሁ። አንድ ፍሬ ብትቀርስ?

አድማሱ ቀጥ ይበል። ትንሽ ካጋደለ ባህሩ የሚፈስ ይመስላል፤ የሠራው ሰው አያስተውለውም፣ የሚያየው ግን ወዲያው ያውቃል። ለዚህ ቴፕ ለጥፋችሁ ቀቡ። መሃል ላይም አታድርጉት። ወይ ከፍ አድርጉትና ውሃው ይብዛ፣ ወይ ዝቅ አድርጉትና ሰማዩ ይንገሥ።

ገንዘብ ያዥ፦
ስንት ዓይነት ቀለም እንግዛ ታዲያ?

የውሃ ቀለም የምትሠራው አባል፦
ሁለት። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊና የተቃጠለ ሲየና የሚባለው ቡናማ። ቡናማው በብዙ ውሃ ሲቀጥን አሸዋ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የድንጋይና የደመና ግራጫ ይሰጣሉ። በ2 ቀለም ሙሉ ዳርቻ ይወጣል፣ የ12 ሰው ካርድም የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል።

አልትራማሪን ማለት እኮ በላቲን «ከባህር ማዶ» ማለት ነው። ድሮ የሚፈጨው ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ሰማያዊ ድንጋይ ስለነበር በጣም ውድ ነበር። በፋብሪካ መሥራት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። አሁን ማንም ይገዛዋል። ባህሩን ከባህር ማዶ በመጣ ቀለም መቀባት ደስ ይለኛል።

ወረቀት ቆራጩ፦
የእኔ ድርሻ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲቆረጥ 148 በ210 ሚሊሜትር ይሆናል። እሱ ሲታጠፍ 105 በ148 የሆነ ካርድ ይወጣል፣ ሲ6 በሚባለው 114 በ162 ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል። ከአንድ ኤ4 ሁለት ካርድ። ለ120 ካርድ 60 ወረቀት፤ ለብልሽት ጨምሩና 70 በሉት። ክብደቱ በካሬ ሜትር 250 ግራም የሆነውን ውሰዱ። የአንዱ ካርድ መሠረት 8 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፤ ንጣፍና ፖስታ ቢጨመርበትም አይከብድም።

ሥዕሉን ግን ካርዱ ላይ በቀጥታ አትቀቡ። ካርዱ በውሃ ይጣመማል፣ አንድ ስህተት ደግሞ ሙሉውን ያበላሻል። 95 በ138 በሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ሥሩና ለጥፉት። ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ነጭ ክፈፍ ይቀራል።

ማጠፍ ላይ ሁላችሁም ትቸኩላላችሁ፣ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ለቀመ ነው። ወረቀት የእንጨት ጭረት እንዳለው ሁሉ የራሱ አቅጣጫ አለው። በዚያ አቅጣጫ ሲታጠፍ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ተቃራኒውን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ወረቀቱን ሳታጥፉ በቁመቱም በወርዱም በቀስታ ጎንበስ አድርጉት፤ ቀልሎ የሚጎነበስበት ወገን አቅጣጫው ነው። ከዚያ ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር ስመሩና በዚያ እጠፉት። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግማሹን ሰዓት ለዚህ ስጡኝ።

አዲስ አባል፦
እኔ ደግሞ በፀሐይ የሚታተመውን ሰማያዊ ሥዕል መሞከር እፈልጋለሁ፤ ሲያኖታይፕ የሚባለውን። በብረት ጨው ድብልቅ የተቀባ ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም የተቆረጠ ቅርጽ ታስቀምጣላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ታቆዩታላችሁ፣ በውሃ ታጥቡታላችሁ። የተሸፈነው ነጭ፣ የቀረው ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው ነው። በዓመቱ አና አትኪንስ የምትባል እንግሊዛዊት የባህር አረሞችን በዚሁ መንገድ ማተም ጀመረች። በዚያው በ1843 ነው ለንደን ውስጥ ለሽያጭ የታተመው የመጀመሪያው የገና ካርድ የወጣው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ አንድ ቦታ ባህሩ ወረቀት ላይ እየታተመ ሌላ ቦታ ካርዱ ይወለዳል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነው የምፈልገው።

የባህር አረም ባይኖረንም ላባ የመሰለ ቀጭን ቅጠል ይበቃል። ዛጎሌንም ከወረቀት ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ።

ወረቀት ቆራጩ፦
ፀሐይ ባትወጣስ?

አዲስ አባል፦
አስቀድሜ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ቤት እሠራዋለሁ። ድብልቁንም ብቻዬን፣ በጓንት።

እናቷን ያስታመመችው አባል፦
ጥሩ ነው። ሰማያዊና ነጭ ብቻ ስለሆነ ዓይኑ ለደከመ ሰውም ጎልቶ ይታያል። ውስጡን ስንጽፍም እንዲሁ ይሁን፤ በጥቁር፣ በትልቁ፣ በነጭ ላይ።

አስተባባሪ፦
እሺ። የሰማሁትን ይዤ እንደገና ጻፍኩት። ለጉባኤው የሚቀርበው ይህ ነው፤ የማይስማማ ካለ አሁኑኑ ይናገር።

«120 የባህር ዳርቻ ካርዶችን በ3 ቅዳሜ ሠርተን ከአልጋ ወይም ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች እንልካለን። ንድፎቹ 3 ናቸው፦ የተቀደደ ወረቀት ማዕበል፣ የሻማ ብልጭታ እና በፀሐይ የታተመ ሰማያዊ። ካርዱ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚረግፍ፣ የሚሰበር፣ የሚቆረቁር ነገር የለውም። ውስጡ ባዶ ሆኖ የሠራው ሰው በእጁ ይጽፍበታል። ማኅበሩን የምንጠይቀው 70 ወረቀት፣ 130 ፖስታ፣ 2 ዓይነት ቀለም፣ የውሃ ቀለም ወረቀት፣ ለፀሐይ ሥዕሉ የሚሆን ድብልቅና የመላኪያ ወጪ ነው። ካርዱን የሚቀበሉ ሰዎችን ስም አንሰበስብም፤ የሚንከባከቧቸው ስንት እንደሆኑ ብቻ ይነግሩናል፣ ካርዱንም እነሱ ያደርሳሉ።»

ከ6 ወደ 3 ያወረድኩት አንድ ሰው አንድ ንድፍ ደጋግሞ ሲሠራ እጁ ስለሚፈታ ነው። አሥረኛው ካርድ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄን ይዤ ጉባኤው ፊት መቆም እችላለሁ። ስለ ሙጫው ግን ምንም አልተባለም።

ወረቀት ቆራጩ፦
የዱላ ሙጫ። ፈሳሹ ወረቀቱን ያሸበሽበዋል። ጠርዝ ጠርዙን በደንብ ቀብታችሁ መጽሐፍ ጫኑበት።

በፖስታ ሥራ የቆዩት አባል፦
ሁሉንም ከመላካችን በፊት ከየንድፉ አንዳንድ ካርድ ወደ ራሳችን አድራሻ እንላክ። 3 ካርድ ብቻ። ሳይበላሹ ከደረሱ የቀረው ይሂድ፤ ከተበላሹ የት ላይ እንደሆነ እኔ አይቼ እነግራችኋለሁ።

እናቷን ያስታመመችው አባል፦
ጋሼ፣ ከሦስቱ አንዱን ወደ እኔ ይላኩት። ውስጡን ግን ባዶ አይተዉት።

በፖስታ ሥራ የቆዩት አባል፦
እሺ ልጄ። በመስኮቴ የማየውን እጽፍልሻለሁ።