ከትንሿ ሄሊኮፕተር ወደ 450 ስሻገር ወደቀችብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጀማሪ አብራሪ

ጤና ይስጥልኝ። ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ትንሽ ባለ ድርብ ሮተር የሪሞት ሄሊኮፕተር ቤት ውስጥ ሳበርር ቆይቻለሁ። ከወንበር አስነስቼ፣ ጠረጴዛውን አዙሬ፣ እዚያው ወንበር ላይ መልሼ አሳርፋታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲያይ ከሦስት ዓመት በፊት ገዝቶ ብዙም ያላበረራትን 450 (ተለቅ ያለች፣ አንድ ዋና ሮተርና የጭራ ሮተር ያላት የሪሞት ሄሊኮፕተር) ከነሪሞቷ፣ ከነቻርጀሯና ከሁለት ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ጋር ሰጠኝ። ካርቶኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰው የሌለበት ሜዳ ወሰድኳት። ሦስት ሜትር ያህል ርቄ ቆምኩና ጋዝ ሰጠኋት። ስንዝር ያህል እንደተነሳች ወደ ግራ መንሸራተት ጀመረች። ደንግጬ ላሳርፋት ስል ጭራሽ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ተንጋለለች። ጭራዋ ሳሩን ነካ፣ ዋናዎቹ ብሌዶች (የሚዞሩት ክንፎች) መሬቱን መቱ፣ ሁለቱም ተሰበሩ። ሁሉም ነገር ከአሥር ሰከንድ አልበለጠም።

ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሄሊኮፕተሯ? ሲሙሌተር ላይ (ኮምፒውተር ላይ በሚበርር ምስል) ተለማመድ የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ደግሞ ከባትሪዎቹ አንዱ ሆዱ ነፋ ብሏል፤ ለልምምድ ያህል ልጠቀምበት እችላለሁ?

የጭራ ሮተር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንተ ደህና መሆንህ ደስ ብሎኛል። ሦስት ሜትር ያልከውን ሳነብ ልቤ ቀጥ አለ። የ450 አንዱ ብሌድ 325 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 100 ሜትር ይሄዳል፣ በሰዓት ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ቢያንስ አሥር ሜትር ራቅ፤ ከጎንህም ከፊትህም ሰው አይኑር። ሪሞቱ ላይ ደግሞ ሞተሩን የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ትሮትል ሆልድ የሚባለው፣ የቱ እንደሆነ ዓይንህን ጨፍነህም ጣትህ እስኪያገኘው ድረስ ባትሪ አትሰካ።

ወደ ግራ መንሸራተቷ ብልሽት አይደለም። የአብዛኞቹ ዋና ሮተር ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ ገላዋ በተቃራኒው ልዙር ትላለች። የጭራዋ ሮተር ያንን ለመከልከል ጭራውን ወደ ግራ ትገፋለች፣ ግፊቱ ግን ጭራው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሄሊኮፕተሯን በሙሉ ይዟት ይሄዳል። በአንድ ቦታ የቆመች ሄሊኮፕተርን ልብ ብለህ ብታያት ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ብላለች፤ ያንን ዘንበል የምትሰጣት አንተ ነህ። ትንሿ ሄሊኮፕተርህ ይህን አላስተማረችህም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሮተሮቿ በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋሉ። ከላይ ያለችው ባለ ክብደት ዘንግም ስትዘነበል ቀና ታደርጋታለች። 450 እጅህን ብታነሳላት ራሷን አታቃናም፤ ጃይሮዋ (መዞሯን እየለካ የሚያርመው መሣሪያ) ቀጥ አያደርጋትም።

ስንዝር ከፍታው ሌላው ችግር ነው። ሮተሩ ወደ ታች የሚገፋው አየር መሬት መትቶ ይመለሳል፣ ከአንድ የሮተር ስፋት በታች ስትሆን በዚያ በተበጠበጠ አየር ላይ እየተንሸራተተች ነው። ፍርሃት ደግሞ ዝቅ በል ይለናል። እኔ በመጀመሪያው ወር አራት ጥንድ ብሌድ ሰብሬአለሁ፤ አራቱም ከጉልበቴ በታች ነው የተሰበሩት። ሳታመነታ እስከ ዓይንህ ከፍታ ድረስ አውጣት፤ እዚያ ስትሳሳት የምታርምበት አየር አለህ።

አሁን ሲሙሌተሩ። አዎ፣ ይጠቅማል፤ እንዲያውም ያለ እሱ አትሞክረው እልሃለሁ። የሄሊኮፕተር ችግሩ ማብረሩ አይደለም፣ አቅጣጫው ነው። ጭራዋ ወደ አንተ ሲሆን ቀኝህ ቀኟ ነው። ጎኗን ስትሰጥህ ፊትና ኋላ የሆነው ግራና ቀኝ መስሎ ይታይሃል። አፍንጫዋ ወደ አንተ ሲዞር ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፣ አእምሮህ አስቦ እስኪጨርስ እሷ መሬት ላይ ናት። ስለዚህ ማሰቡ ቀርቶ እጅህ ብቻውን መመለስ አለበት፣ ይህ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር መውደቅ ይጠይቃል። ሲሙሌተር ውስጥ መቶ ጊዜ ብትወድቅ አንድ ብሎን አይጠፋብህም።

እኔ የወንድሜን ልጅ ሳስተምር በየማታው 20 ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ከዚያ በላይ እጅ ይደክማልና። የራሱን ሪሞት በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘን፤ በኪቦርድ መለማመድ ምንም አይረባም። ጭራዋን ወደ እሱ አድርጎ ሁለት ሜትር በማይሞላ ክብ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ እስኪያቆማት ድረስ ሌላ ነገር አላስነካሁትም። ቀጥሎ ግራ ጎን፣ ከዚያ ቀኝ ጎን፣ በመጨረሻ አፍንጫ። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ያዳነው አንድ ዘዴ ነው፦ ወደ የትኛውም ጎን ስትወድቅ ብታያት ስቲኩን (የሪሞቱን ማዘዣ ዘንግ) ወደምትወድቅበት ጎን ግፋው፣ ልክ እጅህን ከሥሯ ገብተህ እንደምትደግፋት። አፍንጫ ላይ ለመድረስ ስድስት ሳምንት ፈጀበት። ደግሞ ሲሙሌተሩ ውስጥ ነፋሱን አብራው፤ ነፋስ የሌለበት ሜዳ የለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ልታሳርፋት ስትል ወደ ኋላ ለምን ተንጋለለች? ሪሞቱን አንድ ጊዜ እየው።

ቮልት ቆጣሪ

ስለ ባትሪው ብቻ ልናገር። የነፋውን ቻርጅ አታድርገው፣ ለልምምድም ለሙከራም ቢሆን። ውስጡ ጋዝ ፈጥሯል፣ ሲሞላ ሊነድ ይችላል። ቆሻሻ ውስጥም አትጣለው፤ ያገለገሉ ባትሪዎችን ወደሚቀበሉበት ውሰደው፣ እስከዚያ ድረስ ከቤት ውጭ የማይቃጠል ነገር ላይ አስቀምጠው።

ደህና የሚመስለውንም እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ለካው። ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ለማስቀመጥ 3.8 አካባቢ ነው። ከ3.0 በታች ወርዶ ካገኘኸው እሱንም ተሰናበተው። ባትሪው 2,200 ሚሊ አምፕ ሰዓት ከሆነ በ2.2 አምፔር ባላንስ ቻርጅ (ሴሎቹን እኩል የሚሞላው) አድርገው፣ አጠገቡም ቆይ። ስታበርር ሪሞቱ ላይ አራት ደቂቃ ሰዓት ሙላና አሳርፈህ ለካ፤ እያንዳንዱ ሴል 3.7 ገደማ ላይ ከሆነ ትክክል ነህ።

ባለ መፍቻዋ

የጭራ ሮተር ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን ሲሙሌተር መሣሪያውን አያስተምርም። እኔ ለሁለት ወር ሲሙሌተር ላይ አፍንጫ ወደ እኔ አድርጌ እየተጫወትኩ፣ ሜዳ ስወጣ ሄሊኮፕተሬ በንዝረት ስትርገፈገፍ ምን እንደሆነች ማወቅ አቃተኝ። ለካስ ብሌዶቹን የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ጎብጦ ነበር፣ ከፀጉር በማይበልጥ።

ስለዚህ ብሌድ ቀይረህ ብቻ አትነሳ። ዋናውን ዘንግና ያንን ቀጭን ዘንግ አውጥተህ መስታወት ላይ አንከባልላቸው፤ ቢዘሉ ጎብጠዋል፣ ለማቃናት አትሞክር፣ ቀይራቸው። የሰርቮዎቹን (የብሌዶቹን ማዕዘን የሚያዙት ትንንሽ ሞተሮች) እጅ በቀስታ አንቀሳቅስ፣ የተሰበረ ጥርስ ካለ መሃል ላይ ይይዛል። ትልቁ የፕላስቲክ ማርሽ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እይ። ብረት ከብረት የሚገናኝበት ብሎን ሁሉ የብሎን ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ሦስት ዓመት ቆማለችና ፈትተህ አዲስ አድርግ። አዲሶቹን ብሌዶች ስትገጥም ጫፋቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፍ፤ ሲዞሩ ሁለቱ ቀለሞች በአንድ መስመር ካልታዩህ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ እየበረረ ነው፣ ማስተካከል አለብህ። ይህን ስታይ ርቀህ፣ ጎንበስ ብለህ ከሮተሩ ደረጃ ጋር ሳትስተካከል እይ።

ከሥሯም በመስቀል የታሰሩ ረጃጅም ቀጫጭን ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ኳስ አድርገህ እሰርላት። መልኳን ያበላሻል፣ መገልበጥን ግን ይከለክላል።

ጀማሪ አብራሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪውን ዛሬውኑ አውጥቼ ለየሁት። ቀጭኑ ዘንግ መስታወቱ ላይ ዘለለ፣ ዋናው ደህና ነው።

የጭራ ሮተር፣ ሪሞቱን እየው ስላልከኝ አየሁት። የትንሿ ጋዝ በግራ እጄ ነበር፤ የወንድሜ ሪሞት ጋዙ በቀኝ ነው። ለማንሳት እያሰብኩ ስለነበር በቀኝ አነሳኋት፣ ስደነግጥ ግን የለመደው ግራ እጄ ወደ ታች ሳበ። እዚህ ሪሞት ላይ ያ ወደ ኋላ ማዘንበያው ነው። አሁን ምን ላድርግ፣ እጄን ልቀይር ወይስ ሪሞቱን?

የጭራ ሮተር

ሪሞቱን ቀይር። ስምንት ወር የለመደ እጅ በድንጋጤ ጊዜ ወደ ለመደው ነው የሚሄደው። ያንተ ልማድ ሞድ 2 ይባላል፣ የወንድምህ ሞድ 1። አብዛኞቹ ሪሞቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ፦ ከማውጫው ሞዱን ትቀይራለህ፣ ከዚያ ጀርባውን ከፍተህ የግራና የቀኙን ስፕሪንግ ታለዋውጣለህ፣ ጋዙ ያለበት ስቲክ ወደ መሃል እንዳይመለስ።

ከዚያ የሞተሩን ሦስት ገመዶች ንቀልና ባትሪ ሰካ። ከኋላዋ ቁምና ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፋ ከሮተሩ ሥር ያለው ክብ ሳህን ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት ስትገፋ ወደ ፊት መዘንበሉን እይ። ጋዙን ስትጨምር ሳይዘነበል በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ይበል፣ የብሌዶቹም የፊት ጠርዝ ቀና ይበል። ጭራውን በስቲክ ሳይሆን በእጅህ ያዝና አፍንጫዋን ወደ ግራ አዙራት፤ ጃይሮው አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ለመመለስ የጭራውን ብሌድ ማዞር አለበት። በተቃራኒው ካዞረ ስትነሳ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ይህ ሁሉ ትክክል ሲሆን ገመዶቹን አሁንም አትመልስ፤ መጀመሪያ በዚያው ሪሞት ሲሙሌተሩ ላይ ጀምር፣ ጭራዋን ወደ አንተ አድርገህ። አምስቱን ደቂቃ የሞላህ ቀን ጻፍልኝ።