ከቢሾፍቱ ጉዞ በፊት፦ የቮልስ ባለቤቶች የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ። ረቂቁ አጭር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቮልሶቻችንን ይዘን ቢሾፍቱ እንሂድ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ዳር ምሳ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከሰዓት እንመለሳለን። ወጪው ከመዋጯችን ይሸፈናል። ለሥራ አስፈጻሚው ከማቅረቤ በፊት የሚጨመር ጨምሩ፣ የሚሰረዝ ሰርዙ።

ባለ ክሬሟ፦
በጣም ደስ ይላል፣ አለሁበት! አንድ ነገር ልጨምር። መኪኖቹ ላይ ታሪክ የሚናገር ወረቀት እንለጥፍ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ ስንት ወጣት አለ። ሰው ቆሞ ያነባል።

ባለ ሰማያዊዋ፦
ልጆቼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አልተዋጠልኝም። ወደ ቢሾፍቱ ቁልቁለት ነው፣ ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከሰዓት በፀሐይ፣ አራት ሰው ጭናችሁ፣ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተታችሁ ትመጣላችሁ። ቮልስ ደግሞ ውኃ የላትም። የሚያቀዘቅዟት ንፋስና ዘይት ናቸው። ንፋሱን የሚገፋው ፋን የሚዞረው ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ በምታዞረው በዚያችው አንዲት ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋዋ ስትበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቤቴ ልድረስ» ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ቀይ ሲበራ እዚያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ስንቶቻችን ትርፍ ቺንጋ ይዘን እንሄዳለን?

ባለ ነጯ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ይቺ መኪና የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ቆመች። ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሞተሩን አውርደው ሠሩት። ሲገጥሙት ግን ዙሪያውን የነበረውን ላሜራና የጠርዙን ጎማ «አያስፈልግም» ብለው ሳይመልሱት ቀሩ። ለሦስት ወር ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትግል ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ናቸው ኮፈኑን ከፍተው ያሳዩኝ። ያ ላሜራ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ እንዳይመጣ ይከለክላል። እሱ ከሌለ ፋኑ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ሙሉ ቀን ዞሬ አሮጌ ላሜራ አገኘሁና አስገጠምኩ። አባቴ እንዴት ይይዛት እንደነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለምሳ ከሚወጣ ለዚህ ቢውልስ?

ጸሐፊው፦
ለዚህ ስትዪ? ረቂቁ ላይ እንድጽፈው በዝርዝር ንገሪኝ።

ባለ ነጯ፦
የጋራ ሳጥን ይኑረን። ቺንጋ፣ የማቀጣጠያ ዕቃዎቹ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቦ፣ የቤንዚን ጎማ (ቱቦው) ከነማሰሪያው። መንገድ ላይ የቸገረው ይወስዳል፣ በሳምንት ውስጥ ይተካል።

ባለ ሰማያዊዋ፦
የቤንዚን ጎማውን አንደኛ አድርጉት። የሚያልፈው ሞተሩ አጠገብ ነው። ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ስንት ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ዛሬውኑ በእጃችሁ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለው አትንዱ። ሁለተኛው ባትሪው ነው፣ የኋላ ወንበር ሥር ያለው። ክዳን ከሌለው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ብረት የባትሪውን ፖል ይነካና እሳት ይነሳል። ክዳኑ ደግሞ ብዙ ብር የሚያስወጣ ነገር አይደለም። አምፖል ስትገዙም አደራ። የእኔ 6 ቮልት ናት፣ የእናንተ 12።

ባለ ቀይዋ፦
ሁሉም ልክ ነው። እኔ የምፈራው ጉዞው እንዳይቀር ነው። ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ለመንዳት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ተሰልፌ፣ እሑድ ጠዋት ያንን የሞተር ድምፅ ስሰማ ድካሙ ሁሉ ይለቀኛል። አብረን ካልነዳን ሳጥኑ ለምን ይጠቅመናል?

ባለ ሰማያዊዋ፦
አይቀርም ልጄ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ እሑድ እንሰብሰብ። በማለዳ፣ ሞተር ሳይሞቅ። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፣ ልኩም ለአብዛኞቹ ሞተሮቻችን 0.15 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ከዋዜማው ያምጣትና ትደር። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ወንፊቱን አውጥተን እናጥባለን። እኔ አሳያለሁ፣ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ባለ ክሬሟ፦
ግቢያችን ስድስት መኪና ያሳድራል። ቦታው ከእኔ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፣ የተቀየረው ዘይት ጀሪካን ውስጥ ይጠራቀም። እናቴ አጥሩ ሥር ጎመን ተክላለች።

ጸሐፊው፦
እግዜር ይስጥልን፣ ለእናትሽም አደራውን ተቀብለናል። ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ። «ከመዋጮው መጀመሪያ የጋራ መለዋወጫ ሳጥንና ሁለት እሳት ማጥፊያ ይገዛል። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ የሥራ ቀን ይሆናል። በሦስተኛው እሑድ ቢሾፍቱ እንሄዳለን፤ ምሳ ሁሉም ከየቤቱ ይይዛል። ቺንጋዋ፣ የቤንዚን ጎማዋና የባትሪ ክዳኗ ያልታየ መኪና አይወጣም፤ ባለቤቱ ግን ከሌላ አባል ጋር ተሳፍሮ ይሄዳል። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሁላችንም ቆመን ሞተር እናሳርፋለን።» የታሪክ ወረቀቱም ይቆያል፣ ወጪው ትንሽ ነው። የቀረኝ የሳጥኑ ዋጋ ነው። ባለ ቀይዋ፣ ሶማሌ ተራ ትሄድልናለህ?

ባለ ቀይዋ፦
ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎ 6 ቮልት አምፖል ስንት ልጠይቅ?

ባለ ሰማያዊዋ፦
ሁለት የፊት፣ አራት የፍሬቻ። በቃል ብቻ አትጠይቃቸው፣ አሮጌዎቹን አሳያቸው። ዓርብ ማታ ቤት ብቅ በልና ውሰድ።